ሰሌዳም ገበታም የነበረች ጣውላ

ስልኩ ሲጮኽ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ሰሚራ ናት። ሰሚራ ስትደውል ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ደም ግፊቴ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ማን እንዳደረሰኝ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም። ያን ዕለት ግን ሰላምታውን ሁሉ ዘላ፣

«እትዬ፣ ዛሬ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀመጥኩ» አለችኝ።

ትሪውን ከጭኔ ላይ አወረድኩ። «ከቦርዱ ጋር?»

«ከቦርዱ ጋር። ከጠያቂዎቹ አንዷ እኔ ነኝ።»

አማተብኩ። ሰሚራ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም ናት፤ የእኔን ማማተብ ግን በስልክም ቢሆን ታውቀዋለች። እስክጨርስ ጠበቀችኝና በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነገረችኝ። እሱን በቦታው አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ይህ «ቦርድ» የሚባል ቃል የእኔንና የእሷን ሕይወት እንዴት እንዳገናኘ ልናገር፤ ያለዚያ ደስታዬ ለሌላ ሰው አይገባም።

ከማስተማር ከወጣሁ ገና ዓመት አልደፈንኩም። እዚህ ካምፓላ፣ ካምዎክያ ሰፈር የነበረው የማታ ክፍላችን ተዘግቶ ትምህርቱ በስልክ ሆኗል። አስተዳዳሪው ጨዋ ወጣት ነው። «እማማ፣ ከእንግዲህ ይረፉ፤ ስልኩ እርማቱንም ራሱ ይሠራዋል» አለኝ። አልተቀየምኩም። ስልኩ ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት አለው፤ ጉልበቱንም አያመውም።

በአገሬ፣ ደብረ ብርሃን፣ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ። ወደ ካምፓላ የመጣሁት መለዋወጫ ይነግድ የነበረውን ባለቤቴን ተከትዬ ነው። ነፍሱን ይማረውና እሱ እዚሁ ዐረፈ፤ እኔም መቃብሩን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ዲፕሎማዬን ይዤ ትምህርት ቤቶችን ብዞር ወረቀቴን ገለባብጠው እያዩ ይመልሱልኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሠራሁት ካባላጋላ ሰፈር፣ ያንድ ያገራችን ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። አሠሪዬ ቁጡ ነበር፤ ግን በጾም ወራት የሥጋ ሳህን እንዳነሣ አስገድዶኝ አያውቅም። የመጽሐፍ እንግሊዝኛዬ ብቻውን እንደማያዋጣኝ ያወቅኩት እዚያ ነው። ደንበኞቹ «መጣሁ» ብለው ይወጣሉ፤ እኛም እንደዚያው ስለምንል እሱ አልገረመኝም። የገረመኝ «ሶሪ» ነው። ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ ማዶ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ዘወር ብሎም ያላየኝ ሰው «ሶሪ፣ ሶሪ» ይለኛል። ምን አድርጎኝ ነው ይቅርታ የሚጠይቀኝ እላለሁ። «እኔን» እያለኝ እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ናጉሩ ኮረብታ ላይ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት አድርጎ ወሰደኝ። ደመወዙ ከምግብ ቤቱ ያንስ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊዋ ማዳም ናንቴዛ ይባላሉ፤ እዚህ አገር ሴት አስተማሪ ሁሉ ማዳም ናት። ረጅም፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ትልቅ የእጅ ቦርሳ የማይለያቸው ሴት ነበሩ። እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር ቀድሞም አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሚሰጥ ያሳዩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። ክፍል ሲገቡ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ራሳቸው ይወለውላሉ፤ ተማሪ እንዲያጠፋላቸው አይፈቅዱም። «ሌላው ሰው በጻፈው ላይ አልጽፍም» ይሉ ነበር። ሁለተኛው፣ ዕቃው ተማሪው እጅ ውስጥ ሳይገባ ቃሉን አይጽፉም፤ ቦርሳቸው ውስጥ ማንጠልጠያ፣ ገመድ፣ ሎሚ፣ የተሰበረ ቁልፍ አይጠፋም። ሦስተኛው ልማዳቸው መጀመሪያ ላይ ያስደነግጠኝ ነበር። ተማሪ ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። የተኙ መስሎኝ አንድ ጊዜ ልቀሰቅሳቸው ስል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ፊት ምላስን ይደግፈዋል» አሉኝ። «ምላሱ ያለ ከዘራ መሄድ መቻሉን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

አንድ ቀን ሻይ ላይ ሆነን ያስጨነቀኝን ጠየቅኳቸው። እኔ የምጽፍበት ሰሌዳ ቦርድ ነው። የትምህርት ቤቱ የበላይ አለቆች ቦርድ ናቸው። እዚያው የሚያድሩት ልጆች ቦርዲንግ ናቸው። አገሬ ደርሼ ስመለስ አውሮፕላኑ በር ላይ የምሰጠው ወረቀት የቦርዲንግ ነው። ይህ ሁሉ እንዴት አንድ ቃል ይሆናል? ማዳም ሻያቸውን ጨረሱና ቅዳሜ ነፃ መሆኔን ጠየቁኝ።

ቅዳሜ በሁለት ቦዳ፣ ማለትም በእነዚያ ሰው በሚያመላልሱ ሞተር ብስክሌቶች፣ ወደ ካትዌ ሰፈር ሄድን። እንጨት ከሚሸጡት ሰዎች አንዱ ጋ ቆመው አንድ ጣውላ አስወረዱና መዳፌን ላዩ ላይ አስደረጉኝ። ልጡ የተላጠ፣ ገና እርጥበት ያለው፣ ሙጫ ሙጫ የሚሸት ነበር።

«ከዚህ ጀምሪ» አሉኝ። «የቃሉ ቤት ይህ ነው።»

በጥንቱ እንግሊዝኛ ቦርድ ማለት እንዲህ የተሰነጠቀ ጣውላ ነበር። ሰዎቹ ጣውላውን እግር ላይ አጋድመው በሉበት፤ ቦርድ ማዕድ ሆነ። ቆይቶ ማዕዱ ላይ የሚቀርበው ምግብ ራሱ ቦርድ ተባለ፤ የቦርዲንግ ልጆች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው፣ ከሚበሉት። ምግቡ ሲነሣ በዚያው ጣውላ ዙሪያ የቀሩት ሰዎች መከሩ፣ ፈረዱ፤ እነሱም ቦርድ ተባሉ። ጣውላው ጥቁር ተቀብቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደግሞ የእኛ ሰሌዳ ሆነ። የመርከብም ጎን ቦርድ ይባል ነበር፤ ይህኛው መነሻው ሌላ ቃል ነው፣ ኋላ ነው የተቀላቀሉት የሚሉ አዋቂዎች አሉ። መርከብ ላይ መውጣት፣ ዛሬም አውሮፕላን ላይ መሳፈር፣ ከእሱ መጣ። ያው የመርከብ ጎን ፈረንሳዮች ዘንድ ሄዶ «ዳር» ማለት ሆነ፤ ከእነሱ ሲመለስ ቦርደር ሆኖ ተመለሰ፤ ድንበር።

ማዳም እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ሁለቱ ባለሞተሮች ዞሩ። «የመጣንበትስ ምን ይባላል?» የኬንያን ድንበር ለማሻገር ሰው በብስክሌት የሚያመላልሱ ልጆች «ቦርደር፣ ቦርደር» እያሉ ይጣሩ ነበር፤ ቦዳ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እኔ ጣውላውን ለማየት የመጣሁት በጣውላው የልጅ ልጅ ላይ ተፈናጥጬ ኖሯል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጸሎቴን ሳደርስ ሐሳቤ ይበታተንብኝ ጀመር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የራሳችን «ገበታ» መጣብኝ። ገበታ የእንጨት ዕቃ ነው። ገበታ ማዕድ ነው። ልጅ ሆነን የቆጠርነው የፊደል ገበታ ነው። ልጅ ትምህርት ሲያቋርጥ ከትምህርት ገበታ ራቀ እንላለን፤ እንደ እኔ ያለው ሲያረጅ ከሥራ ገበታው ተሰናበተ ይባላል። እነዚያ ሰዎችና እኛ ሳንተዋወቅ፣ ባንድ ዓይነት እንጨት ላይ በልተን፣ ባንድ ዓይነት እንጨት ላይ ተምረን፣ ባንድ ዓይነት መንገድ ቃል አወጣን። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ካምፓላ ባዕድ አገር ሳትመስለኝ ያደረችበት የመጀመሪያው ሌሊት ይመስለኛል።

ማዳም ጡረታ ሲወጡ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ካምዎክያ ውስጥ ባንድ የእርዳታ ድርጅት አዳራሽ ለእኛው አገር ሰዎች የማታ ክፍል ከፈቱና እኔን ጠሩኝ። አዳራሹ ሰሌዳም ጠረጴዛም አልነበረውም። ያን ጊዜ ማዳም አንድ ትልቅ ጣውላ ገዙ፣ አንዱን ፊቱን ጥቁር አስቀቡት፣ ካትዌ ያሉ በያጆች ደግሞ የሚታጠፍ የብረት እግር ሠሩለት። ስናስተምር ግድግዳ ላይ ይደገፋል፤ ስንፈትን ይጋደምና ጠረጴዛ ይሆናል። «ቃሉ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ይሥራ» አሉ። የቦርድን ትምህርት በየተርሙ መጀመሪያ እዚያው ላይ እንሰጥ ነበር። ከተማሪዎቹ ተካ የሚባል የጎማ ነጋዴ ነበረ፤ ያለ ቀልድ አይማርም። የቦዳን ዘር የሰማ ቀን፣ «እንግዲያው እኔ በየቀኑ ቦርድ ላይ ተቀምጬ ነው የምመጣው፤ የስብሰባ አበሌ የታለ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀ።

ሰሚራ ወደ እኛ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ደሴ ውስጥ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበረች። እዚህ ደግሞ ወንድሟ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ትሸጣለች። ወረቀቶቿ ሁሉ ተሟልተዋል፤ የቀራት አንድ ነገር ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ሆስፒታል ነርስ ሲቀጥር ሦስት ሰዎች ፊት ቀርበሽ በቃል ትጠየቂያለሽ፤ ሁሉም «ቦርድ መቅረብ» ይለዋል። ወንድሟ ጁባ ሌላ ሱቅ ሊከፍት ነው። ካልተቀጠረች ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት። ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነጋዴ ነው፣ ሰው ያስፈልገዋል። እሷ ግን «ጁባ ከሄድኩ እጄ ይረሳዋል» ትለኝ ነበር፣ እጇን እያየች። «ሕፃን የያዘ እጅ ሜትር ይዞ ይቀራል፣ እትዬ።»

ከተማሪዎቼ ሁሉ እንደሷ የተዘጋጀ አልነበረም። የመድኃኒቱን፣ የመሣሪያውን፣ የሕመሙን ስም በእንግሊዝኛ ታውቃለች። ሰው ፊት እንዴት እንደምትቀርብ ደግሞ እኔ አስተማርኳት፤ ቀጥ ብለሽ ግቢ፣ ሲሉሽ ተቀመጪ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። እናቴ ለእኔ ያስተማረችኝን ነው ያስተማርኳት። ቦርዱ ፊት የምትቀርብበት ቀን ጠዋት እሷ ዱዓዋን፣ እኔ ዳዊቴን ይዘን ተለያየን።

አልተቀበሏትም። እንግሊዝኛሽ ሲበረታ ተመለሽ፣ አንድ ዕድል አለሽ አሏት።

በእውነት አልገባኝም። የጠየቋትን አንድ በአንድ አስነገርኳት፤ ሁሉንም ታውቀዋለች። ክፉ ሰዎች ነበሩ ወይ ብላት፣ «ኧረ በጣም ደጎች ናቸው። ሁለት ጊዜ ውሃ ቀዱልኝ» አለችኝ። ወራቱን ሙሉ ቃል ጨመርኩባት። የሰውነት ክፍሉን፣ አጥንቱን፣ ጅማቱን ሁሉ አስጠናኋት። በጨመርኩ ቁጥር እየደከመች ሄደች። የጁባው አውቶቡስ ትኬት የተቆረጠ ሳምንት ክፍል መጥታ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ደብተርም አላወጣችም። ይህን የመሰለ ውድቀት በማስተማር ዘመኔ አላየሁም፤ ሰነፍ ሲወድቅ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፣ ጎበዝ ሲወድቅ ግን ከየት ትጀምሪያለሽ?

ማዳም ይህን አዩና «ጣውላውን አጋድሙት» አሉ።

ሰሌዳው ከግድግዳው ወርዶ እግሩ ተዘረጋ። ማዳም ራሳቸው መሐል ተቀመጡ፣ እኔ በግራ፣ ተካ በቀኝ። ተካ ካንዱ ተማሪ ክራባት ተውሶ አሠረ። ሰሚራ ከደጅ እንደ አዲስ ገባች፣ ቀጥ ብላ፣ ሲሏት ተቀመጠች። ማዳም እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑና ጠየቁ። ማዋለጃ ክፍል ሠርተሻል? ሌሊት ብቻሽን ተረኛ ሆነሽ ታውቂያለሽ? ለሕመምተኛ ደም መስጠት ትችያለሽ? በመጨረሻም እናቲቱ ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም ቢል ምን ታደርጊያለሽ? ሰሚራ ለዚህኛው ሳታቋርጥ መለሰች፤ ተካ እንኳ ክራባቱን መነካካት ትቶ ሰማት።

ማዳም ዓይናቸውን ገለጡ። «የመጨረሻውን በጣም ጥሩ አድርጋ መለሰች። ሌሎቹን ለምን ዘለለቻቸው?»

«አልዘለለችም» አልኩ። «ሁሉንም መልሳለች።»

«መቼ?»

«አሁን። እዚሁ ፊታችን።»

«እኔም እንደ ቦርድ አባልነቴ ሰምቻለሁ» አለ ተካ።

ማዳም ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። አንድም ሰው አልተጠራጠረም። ማዳም ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ፣ ዓይናቸውን እንደ ተገለጠ ሰሚራ ፊት ላይ ተከሉና እንደገና ጠየቋት፤ ማዋለጃ ክፍል ሠርተሻል? ሰሚራም መለሰች። ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትንፋሿን ሳብ አደረገች፤ እኛ ሁላችን እንደምናደርገው፣ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቀን በትሕትና «አዎ» እንደምንለው።

ማዳም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይህች ልጅ አስም አለባት እንዴ?»

ከዚያ ሰሚራ በአማርኛ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «ውሃው» አለች።

«የምን ውሃ?» አልኳት።

«ሁለት ጊዜ የቀዱልኝ ውሃ። ትንፋሽ ያጠረኝ መስሏቸው ነው፣ እትዬ። ለጠየቁኝ ሁሉ አዎ ስል ውሃ ነው የቀዱልኝ።»

ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ መሐል ላይ ሳቁ የትኛው፣ ልቅሶው የትኛው እንደነበረ አላውቅም። እኔም ጭንቅላቴን ያዝኩ። ወራት ሙሉ አጥንትና ጅማት ስቆልልባት የጎደላት ድምፅ ብቻ ነበር። ያን ትንፋሽ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ለእኔ ጆሮ ቃል ስለሆነ ቃል አለመሆኑን እንዴት ልወቅ?

ለማዳም ስናስረዳቸው፣ አንድ ላይ አሰሙኝ አሉ። ክፍሉ በሙሉ ባንዴ ትንፋሹን ሳበ። ማዳም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ድምፁን እሰማው ነበር» አሉ። «ጥያቄዬ የሚያስደነግጣችሁ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ማዳም ከደብተር ላይ ቀጭን ወረቀት ቀደዱና ሰሚራ ከንፈር ፊት ያዙ። «የስ» ስትል ወረቀቱ ወዲያ መሸሽ አለበት፤ ወደ ከንፈሯ ከመጣ አገሯ ገባች ማለት ነው። ሰሚራ ወረቀቱን ሱቅ ወስዳ ጨርቅ መለኪያው አጠገብ በክር ሰቀለችው፤ ደንበኛ በጠየቃት ቁጥር ታወዛውዘው ነበር። ማዳም ግን አንድ ነገር አስጠነቀቋት። «ትንፋሽሽን አትጣዪው፤ ሲያመልጥሽ አትደንግጪ። ተከትለሽ ተናገሪ፣ ምን እንደሆነም ንገሪያቸው። እነዚያ ሦስት ሰዎች ጣውላ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ድሮ እዚያ የሚቀርበው ምግብ ነበር፤ አትፍሪያቸው።»

የአውቶቡሱ ቀን ሳይደርስ እንደገና ቦርዱ ፊት ቀረበች። ለመጀመሪያው ጥያቄ «የስ» ያለችው እንዲህ ጮክ ብላ ነው አሉ፣ ሰብሳቢዋ ብዕሯን ጣለች። ሦስተኛው ላይ ትንፋሹ አመለጣት። ቆም አለች፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና፣ ይህ በአገሬ አዎ ማለት ነው፣ አልታመምኩም አለቻቸው። ሰብሳቢዋ እስኪ እንደገና አድርጊው አለቻት፤ ራሷም ሞከረችው።

የጁባውን ሱቅ የአጎቷ ልጅ ያዘው።

የመጀመሪያ ተረኛነቷን ጨርሳ የመጣችው በረመዳን ነው፤ እኛም ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። ጣውላውን አጋደምነው። ማዳም እንደ ልማዳቸው በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉት። ሰሚራ ቴምር፣ እኔ ሽሮ፣ ማዳም ማቶኬ የሚባል የጥሬ ሙዝ ቅቅል በለውዝ ወጥ፣ ተካ በጣም ብዙ ሙዝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁላችንም አንድ ላይ በላን፤ ሁለት ጾም ባንድ ሰሌዳ ላይ ተፈታ። የተካ እጅጌ ጠመኔ ነክቶት ነጭ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ሰሚራ ዛሬ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ስለዚህ ነው ከጠያቂዎቹ ጋር ያስቀመጧት። ሦስተኛ የገባችው ተፈታኝ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች፣ እጇን ያጣመረች። ሌሊት መሥራት ትችያለሽ ተባለች። ልጅቷ ትንፋሿን ሳበች። አንደኛው ጠያቂ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ።

«ምን አልሽ?» አልኳት ሰሚራን።

«መልሳለች አልኳቸው። አዎ ብላለች። ከዚያ ልጅቷን፣ በድምፅ ድገሚላቸው አልኳት።»

ውጤቱ ገና ነው፤ እኛ ግን እየጸለይን ነው፣ እያንዳንዳችን እንደ ሃይማኖታችን። ስልኩን እንደ ዘጋሁ ማሳካ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ለሚኖሩት ለማዳም ደወልኩ። አሁን ጆሯቸው ከብዷል። ሁሉንም ቀስ ብዬ ነገርኳቸውና «ሰሙኝ ወይ?» አልኳቸው። ቃል አልመጣም። ትንፋሽ ብቻ መጣ፣ ወደ ውስጥ ሳብ የተደረገ፣ ልክ እንደ እኛ።

ሰሚራ ለአዲስ መጪ ነርሶች የቅዳሜ ክፍል ልትከፍት ነው፤ እኔንም ከወንበር ሳልነሣ አስተምር ዘንድ ጠርታኛለች፣ እሺ ብያለሁ። የቸገረን ጣውላው ነው። የካምዎክያው አዳራሽ በተዘጋ ቀን ጉልበቴን ታክሜ ተኝቼ ነበር፤ ዕቃው ለማን እንደተሰጠ አላየሁም። በዚያ ቀን የነበራችሁ ተማሪዎቼ፣ አንድ ፊቱ ጥቁር፣ እግሩ የሚታጠፍ ጣውላ ማን እንደወሰደ የምታውቁ፣ እባካችሁ ለሰሚራ ወይም ለእኔ ንገሩን። መደርደሪያ አድርጋችሁት ከሆነ በሌላ እንለውጥላችኋለን። እየበላችሁበት ከሆነ ግን ከቦታው አታንሡት፤ ቤታችሁን ብቻ አሳዩን፣ ተማሪዎቹን ይዘን እኛ እንመጣለን።